የመንዝ በግ ያስተካከለው ባስ

ስልካችሁን አውጡና ከበሮ ያለበት አንድ ዘፈን ክፈቱ። ከበሮው ይሰማችኋል? የሰማችሁት ጫፉን ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ጥፍር የምታክለው የስልክ ስፒከር ግን ከ200 እና 300 ኸርዝ በታች የምታወጣው ድምፅ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ጆሯችን ብልጥ ስለሆነ ከላይ ያሉትን ድምፆች ሰምቶ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል። በስልክ ዘፈን ያደገ ሰው ባስን በግምት ያውቀዋል ማለት ነው፤ ደረቱ ግን አያውቀውም።

የእኔ ደረት ያወቀው አንኮበር ላይ ነው። ጥምቀት ነበር። ታቦቱ ገና ከዳገቱ ወዲያ ሳለ፣ ዜማው ሳይሰማ፣ ከሩቅ ቀድሞ የሚደርሰው የከበሮው ሰፊ አፍ ነው። ቀጭን ድምፅ መንገድ ላይ ያልቃል፣ ተራራ ሲያገኝም ይቆማል፤ ወፍራሙ ድምፅ ተራራውን ዞሮ ይመጣል። ከበሮውን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ ነገሩ ሁሉ እዚያው ውስጥ አለ፦ የተቦረቦረ እንጨት፣ በሁለት ወገን የተወጠረ ቆዳ፣ መሀል ላይ የታሰረ አየር። ሰብዉፈር ማለት በአንዱ ቆዳ ፋንታ ስፒከር የገባበት ከበሮ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ልሥራው አልኩ። ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

መካኒክ ጓደኛዬ ከሚኒባስ ወንበር ሥር የወጣ ባለ 10 ኢንች ስፒከር ሰጠኝ። ጀርባው ላይ በወርቃማ ቀለም 1,200 ዋት ይላል። እሱን እርሱት። ቮልቴጅ የሚያሳድግ ክፍል የሌለው አምፕሊፋየር ከ12 ቮልት ባትሪ፣ በባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ የሚያወጣው ቢበዛ 18 ዋት ነው፦ 12ን በ12 አባዙ፣ ለ8 አካፍሉ፤ ስምንቱ የኦሙ እጥፍ ነው። እኔ የተጠቀምኩት የሞተ ላፕቶፕ ቻርጀር ነው፤ 19 ቮልት ይሰጣል፣ በዚሁ ስሌት 45 ዋት ይሆናል። አምፑ ብሉቱዝ ያለው፣ ቲፒኤ 3116 የሚባል ቺፕ የተገጠመለት መዳፍ የምታክል ቦርድ ነች። ለአንድ ክፍል 45 ዋት ይተርፋል። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ጆሮ «ትንሽ ጨመረ» ይላል እንጂ «እጥፍ ሆነ» አይልም። ገበያ ላይ ግን የሚሸጠው ቁጥሩ ነው።

ሳጥኑን የሠራልኝ ጠባሴ ያለ አናጺ ነው። «ሞንታርቦ ልሠራ ነው» ስለው ወዲያው ገባው። (ሞንታርቦ የአንድ የኢጣሊያ ኩባንያ ስም እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? የጥርስ ሳሙናውን ሁሉ ኮልጌት እንዳልነው ትልልቁን ድምፅ ማጉያ ሁሉ ሞንታርቦ አልነው፣ አለቀ።) ኮምፔርሳቶ ይሻላል ወይስ ኤምዲኤፍ ብለን ተከራከርን። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ወሰድን፤ ከባድ ነው፣ ከባድ ነገር ደግሞ አይንቀጠቀጥም። መገጣጠሚያውን በኮላ አጥግቦ በብሎን አሰረው። ክቡን ቀዳዳ በምስማርና በክር ሲያሰምረው ከኮምፓስ የበለጠ ትክክል ሆኖ ወጣ። የውስጡ ልክ 34 በ34 በ34.6 ሴንቲ ሜትር፣ 40 ሊትር ማለት ነው። ፊቱ ላይ ደግሞ 10 ሴንቲ የሚሰፋ የፍሳሽ ቱቦ ሰካንበት፣ ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ሳጥን ቱቦ አለዋ። የቱቦው ርዝመት 15 ሴንቲ። ለምን 15? የተረፈን ቁራጭ 15 ስለነበረ።

በዚያው ማታ ከፈትኩት። ቤቱ ተነቃነቀ። ደስታዬ ሁለት ቀን ቆየ።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ አንኳኩ። ግድግዳችን አንድ ነው፣ የጭቃ ግድግዳ ነው። «አንተ ልጅ፣ ዘፈንህን አልጠላሁም» አሉኝ፣ «ብርጭቆዎቼ ግን አብረው መዝፈን ጀመሩ። ሌሊት ከቡፌው ውስጥ ስሰማቸው እንቅልፍ አልወሰደኝም።» «ይቅርታ እትዬ፣ እቀንሳለሁ» አልኩ። ቀነስኩ። በማግስቱም ብርጭቆው ዘፈነ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ቅር ያለኝ ነገር ነበር። ማንኛውንም ዘፈን ብከፍት ባሱ አንድ ዓይነት ነው። ጊታሪስቱ ይውጣ ይውረድ፣ የእኔ ሳጥን «ዱም» ብቻ ይላል። ነጻ የድምፅ ማመንጫ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫንኩና ከ30 ኸርዝ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወጣሁ። 40፣ ምንም። 45፣ ደህና። 51 ላይ ሲደርስ በሩ ተንቀጠቀጠ፤ ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ ቡፌም መለሰ።

ምክንያቱን ወረቀት ላይ አገኘሁት። የጠርሙስ አፍ ስትነፉበት አንድ ድምፅ ብቻ እንደሚሰጠው ሁሉ ቱቦ ያለው ሳጥንም የራሱ አንድ ድምፅ አለው። 40 ሊትር አየር ከ15 ሴንቲ ቱቦ ጋር ሲሆን ያ ድምፅ 51 ኸርዝ ነው። ይባስ ብሎ የክፍሌ ርዝመት 3.35 ሜትር ነው። የ51 ኸርዝ ሞገድ 6.7 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ግማሹ ልክ በክፍሌ ውስጥ ይተኛል። ሳጥኑና ቤቱ በአንድ ድምፅ ተስማምተው በእትዬ ላይ ዘመቱ። ወደ 35 ኸርዝ ለማውረድ ቱቦው 40 ሴንቲ መሆን ነበረበት፤ 40 ሴንቲ ቱቦ ደግሞ 34 ሴንቲ ሳጥን ውስጥ አይገባም።

እና ቱቦውን ነቀልኩ። ቀዳዳውን ደፍነን ዝግ ሳጥን እናድርገው አልኩት አናጺውን። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኤድጋር ቪልቸር የተባለ አሜሪካዊ በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስፒከር በዚሁ መንገድ የተሠራ ነበር። ከዚያ በፊት ጥሩ ባስ የሚፈልግ ሰው ቁም ሳጥን የሚያህል ሣጥን ያስፈልገው ነበር። ቪልቸር የታሰረውን አየር እንደ ሞላ አድርጎ ተጠቀመበትና ሳጥኑን መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ አደረገው።

እዚህ ላይ ነው ደብረ ብርሃን ራሷ ወደ ጉዳዩ የገባችው። የስፒከሩን ቁጥሮች የስልክ ማስሊያ ላይ ስሞላ «40 ሊትር ዝግ ሳጥን» አለኝ። ማስሊያው ግን የባሕር ጠለል አየር ነው የሚያውቀው። እኛ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ሞላችን በሠላሳ በመቶ ልል ነው ማለት ነው። የልልነቱ ጥቅም እዚህ ለተመሳሳይ ውጤት ትንሽ ሳጥን መብቃቱ ነው፤ ከ40 ፋንታ 28 እና 29 ሊትር። ጉዳቱ ደግሞ አለ፦ ያው ስፒከር ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስ የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ድምፁ በ3 ዴሲቤል ያንሳል። ጅቡቲ ያለ ሰው ግማሽ ዋት አውጥቶ የሚያገኘውን እኔ በሙሉው ነው የማገኘው። ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ወርዳችሁ ብትሠሩት ደግሞ ሒሳቡ እንደገና ይለወጣል። (የቱቦው 51 ኸርዝ ግን በከፍታ አይለወጥም፤ በእሱ ጥፋተኛው እኔ ብቻ ነኝ።)

አናጺው ሳጥኑን ከጀርባ ቆርጦ ጥልቀቱን ወደ 26 ሴንቲ አወረደው፣ 30 ሊትር ሆነ። ስፒከሩ ራሱ ከውስጥ ቦታ ስለሚወስድ ትርፉ ለእሱ ነው።

የቀረው የሳጥኑ ሆድ ነው። ዝግ ሳጥን ውስጥ የሚረብሽ ድምፅ እንዳይመላለስ ለስላሳ ነገር ይሞላል። ሰዎች ስፖንጅ ይሉኛል፣ ከፍራሽ የወጣ ጥጥ ይሉኛል። እኔ ግን አንድ ነገር አንብቤ ነበር፦ ቤይሊ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ስፒከር ሳጥን ሲጽፍ የመረጠው ሙሌት ረጅም የበግ ጸጉር ነበር። የበግ ጸጉር! መንዝ አጠገብ ተቀምጬ፣ ባና ለብሼ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ስፖንጅ ልገዛ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ያልተፈተለ ጸጉር ገዛሁ። አጥቤ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ አስጥቼ፣ በእጄ አፍታታሁት። ማጠቡን እንዳትዘሉት፤ ያልታጠበው ስፒከሩ ሲሞቅ ቤቱን በረት ያደርገዋል። የብል መድኃኒትም ጣል አድርጉበት። ስፒከሩ ላይ እንዳይደርስ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ፣ ጠቅጥቄ ሳይሆን ለቀቅ አድርጌ ሞላሁት። ጸጉሩ ሌላም ሥራ አለው፦ አየሩ ሲታመቅ የሚፈጠረውን ሙቀት ስለሚወስድ ሳጥኑ ከልኩ የሰፋ ይመስላል። በወረቀት እስከ 40 በመቶ ይባላል፤ በተግባር የዚያን ግማሽ ካገኛችሁ ደህና ነው።

ስከፍተው መጀመሪያ ተናደድኩ። ባሱ ጠፋ መሰለኝ። ከዚያ ቤዝ ጊታሩ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ሰማሁት። ቀድሞ የማውቀው ዘፈን ነው፤ መውረዱን ግን አላውቅም ነበር።

እግሩ ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አስቀመጥኩ፣ ብዙም አልረዳም። የረዳው ከጋራው ግድግዳ ጥግ ማንሳቱ ነው፤ ጥግ ባስን ያባዛል። የት ይቀመጥ ላላችሁ፦ ሰብዉፈሩን እናንተ በምትቀመጡበት ቦታ አድርጉና በክፍሉ ውስጥ ዙሩ፣ ባሱ ያልተጋነነበትን ቦታ ስታገኙ እዚያ አስቀምጡት። የመቁረጫውን ቁልፍ 80 ኸርዝ አካባቢ ተዉት።

ከዚያ ወደ እትዬ ቤት ገባሁ። ጓደኛዬ ከእኔ ክፍል ሆኖ ከፈተው፣ እኔ ቡፌው አጠገብ ቆምኩ። ብርጭቆው ዝም አለ። እትዬ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ አደረጉ።

«አሁን ምንድን ነው የሚለው?»

«ከበሮ ነው፣ እትዬ።»

ትንሽ አዳመጡ። «መዝሙር አለህ?» አሉኝ። አለኝ አልኩ። ጾም ስለነበረ ግን ለፋሲካ ይዤው እንድመጣ ቀጠሮ ሰጡኝ፣ ሳጥኑን ራሱን፣ ወደ እሳቸው ቤት። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ምን ያህል እንደሚከብድ አልነገርኳቸውም።