ለመስክ ጉዞ የሚሆን የማብሰያ ጠረጴዛ አሠራር

የመንግሥት ሠራተኛ ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቶ ወደ ገጠር በሚላክበት ጊዜ ስለ አበሉ፣ ስለ ተሽከርካሪውና ስለ መዝገቡ አስቀድሞ ያስባል፤ ምግቡ በምን ላይ እንደሚበስል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ከስፍራው ከደረሰ በኋላ ነው። ይህ ልማድ እንደ ዋግ ኽምራ ባለ ተራራማ አገር ጉዳቱ ይበዛል። ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ፃግብጂ የሚሄድ የጤና ወይም የእርሻ ቡድን፣ ተሽከርካሪ ወደማይገባበት ቀበሌ ሲያመራ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ይጓዛል፤ ማደሪያውንም በሜዳ ያደርጋል። እዚያም ሦስት ድንጋይ ተሰብስቦ እሳት ይነዳል፤ አንድ ሰውም ጎንበስ ብሎ ጭስ ሲውጥ ያመሻል። ዛሬ የምንገልጥላችሁ ይህን እሳት ከመሬት አንሥቶ ከወገብ ትይዩ ስለሚያደርስ፣ ተፈታትቶ በአህያ ስለሚጫንና ማናቸውም ብረት በያጅ ሊሠራው ስለሚችል ጠረጴዛ ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል የአገራችን ተረት። ከእናንተም መካከል ይህን ተረት ጠቅሶ፣ «እሳቱ ከፍ ቢል ዝቅ ቢል ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ተረቱ ስለ ወጡ ጣዕም የተናገረው እውነት ነው። ነገር ግን ስለ ወጥ ሠሪዋ ወገብና ዐይን፣ ወይም በእሳቱ ዙሪያ ስለሚድኸው ሕፃን የተናገረው አንዳች ነገር የለም። መሬት ላይ የተጣደ ድስት በልብስ ጫፍ ተጠልፎ ይገለበጣል፤ ፍሙን ሕፃን በእጁ ይደርስበታል፤ ነፋስ የወሰደው ፍንጣሪም በበጋ ወራት ወደ ደረቀ ሣርና ወደ ገለባ ክምር ይሻገራል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከአበርገሌና ከፃግብጂ ወረዳዎች ተፈናቅለው በሰቆጣና በዙሪያዋ ተጠልለው ለነበሩት ቤተሰቦች፣ ከቤት ውጭ ማብሰል የሽርሽር ጉዳይ አልነበረም። ብዙ ሕፃናት በጠባብ ስፍራ በሚሰበሰቡበት ጊዜ እሳቱ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ማለቱ የሕይወት ጥያቄ ነው።

ስለ ጠረጴዛው ከመናገራችን በፊት በላዩ ስለሚቀመጠው ድስት ጥቂት እንበል። ከላይና ከታች እሳት አድርጎ ማብሰል ለእኛ እንግዳ ጥበብ አይደለም። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ከምጣዱ ሥር እሳት ያነዳሉ፤ ሊጡን ከከደኑት በኋላ ደግሞ በክዳኑ ላይ እሳት ያደርጋሉ፤ ዳቦውም ከሁለቱ ወገን እኩል ይበስላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህንኑ አሳብ በአንድ ዕቃ ያጠቃለለ፣ «የሆላንድ ምድጃ» የሚሉት ከባድ ድስት አለ። ከቀለጠ ብረት የተሠራ ሲሆን ሦስት አጫጭር እግሮች አሉት፤ የክዳኑም ጠርዝ ፍሙን እንዲይዝ ወደ ላይ የታጠፈ ነው። አብርሃም ዳርቢ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በሆላንድ የነበረውን የናስ አቀላለጥ ተመልክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1707 ብረትን በደረቅ አሸዋ ቅርጽ ውስጥ እያፈሰሱ ድስት ለመሥራት የፈጠራ መብት አግኝቷል፤ ስሙም ከዚያ እንደ መጣ ይነገራል። ይህ ድስት ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ ቀስ ብሎም ይለቃል። ስስ የአሉሚኒየም ድስት ግን በክዳኑ ላይ ፍም ሊደረግበት አይገባም፤ ይጣመማል፤ እሳቱ ከበረታም ይቀልጣልና። የብረቱ ድስት ምግብ ሲሞላ ክብደቱ ብዙ ስለሆነ፣ ጠረጴዛው ጠንካራ መሆን ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ እንለፍ።

አንደኛው ነገር ከፍታው ነው። ድስቱ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ክዳኑ ከሚያበስለው ሰው ክርን በታች መዋል አለበት፤ አለዚያ ፍም የተሸከመውን ክዳን ወደ ፊት አቅርቦ ማንሣት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ለብዙ ሰው 70 ሳንቲሜትር ይበቃል። ከዚህ የረዘመ ሰው 5 ሳንቲሜትር ቢጨምር መልካም ነው።

ሁለተኛው ገበታው ነው። ስፋቱ በሁሉም ወገን 50 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ጠርዙ 4 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ላይ የታጠፈ ትሪ ከ2 ሚሊሜትር ላሜራ ይታጠፋል። እንዲህ ያሉ ሁለት ትሪዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የ1 ሜትር ገበታ ይሆናሉ፤ አንዱ ለድስቱ፣ ሁለተኛው ፍም ለማዘጋጀት ያገለግላል። የእያንዳንዱ ክብደት ከ5 ኪሎ ጥቂት ይበልጣል፤ አንዱ በአህያዋ በስተቀኝ፣ ሁለተኛው በስተግራ ሲጫን ጭነቱ አያጋድልም።

ሦስተኛው ማቀፊያው ነው። 1 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት የአንግል ብረቶች በግራና በቀኝ ይዘረጋሉ፤ ጫፍና ጫፋቸውን ሁለት አጫጭር ብረቶች በብሎንና በዳዶ ያገናኙዋቸዋል። ትሪዎቹ በዚህ ላይ ያርፋሉ። በእያንዳንዱ ማዕዘን ሥር 12 ሳንቲሜትር የሆነ አጭር ቱቦ ጥቂት ወደ ውጭ አዘንብሎ ይበየዳል፤ እግሩ እዚያ ውስጥ ይሰካል።

አራተኛው እግሩ ነው። ሦስት ጉልቻ በማናቸውም ወጣ ገባ መሬት ላይ ሳይነቃነቅ የሚቆመው ሦስት ስለሆነ ነው፤ አራት እግር ያለው ዕቃ ግን በድንጋያማ መሬት ላይ ይወላገዳል። ሆኖም ሁለት ትሪ የሚሸከም ረጅም ገበታ በሦስት እግር ቢቆም ድስቱ ወደ ባዶው ማዕዘን በቀረበ ጊዜ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ እግሮቹ አራት ይሁኑ፤ ከእነርሱ ሁለቱ ግን በውስጣቸው ቀጭን ቱቦ ይግባባቸው። ይህ ቱቦ በየ3 ሳንቲሜትሩ ተበስቶ፣ እንደ መሬቱ አቀማመጥ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ተስተካክሎ በብሎን ይያዛል። በተዳፋት ላይ የሚሠራ ሰው የዚህን ጥቅም ወዲያው ያውቀዋል።

አምስተኛው የነፋስ መከላከያው ነው። ከ35 እስከ 40 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ስስ ላሜራ በሦስት ወገን ይቆማል፤ አራተኛው ወገን ለሚያበስለው ሰው ክፍት ይሆናል። ነፋስ ያልነካው ፍም ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ ማገዶ በራቀበት አገር ይህ ክፍል እንደ ትርፍ ዕቃ ሊቈጠር አይገባውም።

ስለ ብረቱ ምርጫ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ፣ ፍም ሲበዛበትና በሚበየድበት ጊዜ የሚወጣው ጢስ ትኩሳትና የደረት ሕመም ያስከትላል፤ ስለዚህ ጥቁር ላሜራ ብቻ ይፈለግ። ነዳጅ የነበረበትን አሮጌ በርሜልም በእሳት ለመቍረጥ የሚቃጣ ሰው በሕይወቱ እየቀለደ ነው፤ በውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳልና። ከዚህም ሌላ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ላሜራ ማንጠፍ ደኅና መስሎ ቢታይም፣ እንጨቱ ከሥር ቀስ በቀስ ይከስላል።

ጠረጴዛው ከቆመ በኋላ በትሪዎቹ ላይ 3 ሳንቲሜትር ያህል ደረቅ አሸዋ ወይም ዐፈር ይነጠፍ። ይህም ላሜራውን ከመጣመም ያድነዋል፤ ሙቀቱም ወደ ታች እንዳይባክን ያደርጋል። አሸዋው ከዚያው ስለሚገኝ መሸከም አያስፈልግም። ወጥ ሲሠራ ፍሙ በአብዛኛው ከድስቱ ሥር ይሁን። ዳቦ ሲጋገር ግን በክዳኑ ላይ የሚደረገው ከሥር ካለው እጥፍ ያህል ይሁን፤ የሥረኛውም ፍም መካከል ላይ ሳይከመር ዙሪያውን ይደርደር። ኮባ በማይገኝበት አገር ድስቱን ዘይት መቀባት ይበቃል። ክዳኑ በሜንጦ ይነሣ እንጂ በጨርቅ አይያዝ። ሰቆጣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላም አትዘንጉ፤ ባቄላና ሽንብራ ከቈላው ይልቅ በደጋው የሚዘገዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው ሲፈጸም ፍሙን መሬት ላይ መድፋት አይገባም። በፃግብጂ ውሃ ከሩቅ የሚቀዳ ስለሆነ ለማጥፊያ ማባከኑም አያሻም፤ ፍሙን ጥብቅ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ቢከቱት አየር አጥቶ ይጠፋል፤ ከሰሉም ለነገ ይተርፋል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ብርድ ቢበረታም ዝናብ ቢመጣም፣ ይህን ጠረጴዛ ከነፍሙ ወደ ድንኳን ወይም ወደ መኝታ ክፍል አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል።

አሁን ደግሞ ይህ ዕቃ ከራሳችሁ እራት በላይ ሊሰጥ የሚችለውን አገልግሎት እንመልከት። በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የተገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱን ታውቃላችሁ። ለሕፃን የሚሆን ገንፎ እንዴት እንደሚሠራ ለእናቶች በሜዳ ላይ በሚታይበት ጊዜ፣ ድስቱ መሬት ላይ ከሆነ የሚያዩት ከፊት የተቀመጡት ብቻ ናቸው፤ ከኋላ የቆሙት የሚያዩት የሰው ጀርባ ነው። ከወገብ ትይዩ የተቀመጠውን ድስት ግን ሁሉም ያያል፤ እናቶች ያዘሏቸውና ያስከተሏቸው ሕፃናትም ከእሳቱ ይርቃሉ።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የመስክ ጉዞ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ከድንኳኑና ከመድኃኒት ሣጥኑ ጋር ይህን ጠረጴዛ በዕቃው ዝርዝር ውስጥ እንድትጽፉ እንመክራለን። መጀመሪያ አንዱን አሠርታችሁ በግቢያችሁ ውስጥ ሞክሩት፤ የጎደለውን አርማችሁ ከዚያ በኋላ ለጉዞ አውሉት። ከእናንተ ጋር የሚወጣው ምግብ አብሳይ ያለውን አስተያየትም ጠይቁ፤ ከፍታው ትክክል መሆኑን ከማንም አስቀድሞ የሚነግራችሁ የእርሱ ወገብ ነውና።