ደብተሩ ገበያ ወጣ

በዚህ ወር ስለ ልጆቻችን ደብተር እናወጋችኋለን። ስለ ሒሳብና ፊዚክስ ደብተር አይደለም። ከቦርሳ ሥር ተደብቆ ከወንበር ወንበር ስለሚተላለፈው፣ አንባቢ የወደደውን ልብ ወለድ በገዛ እጁ ስለሚቀጥልበት ደብተር ነው።

ይህ ነገር ቢቸና ለምናስተምር ሰዎች እንግዳ አይደለም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የእኛኑ አገር የሚተርክ መጽሐፍ ነው። በታሪኩ ጉልህ ስፍራ ያላት ዲማ ጊዮርጊስ የምትገኘው በእነማይ ወረዳ፣ ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረውም ሰማው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኢቢሲ ተከታታይ ድራማ ሆነ። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ሰብለን፣ በዛብህንና ጉዱ ካሳን እንደ ጎረቤት ያውቋቸዋል። ጎረቤት ደግሞ ይነሳል ይጣላል፤ «እንዲህ ብታደርግ ኖሮ» ይባልለታል። የሌላውን ድርሰት መቀጠል የሚጀመረው ከዚሁ ወሬ ነው።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። ስኮትላንዳዊው ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1893 ሼርሎክ ሆልምስ የተባለውን መርማሪውን በድርሰቱ ውስጥ ሲገድለው አንባቢ እሺ አላለም። ደራሲው ከዓመታት በኋላ ሰውዬውን ሊመልሰው ግድ ሆነበት። በሆልምስ ስም የራሳቸውን ታሪክ የጻፉ አንባብያንም ከዚያ ወዲህ ቁጥር የላቸውም።

የሞጣው መደርደሪያ

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን እንዲህ ያለ ደብተር ነበራት። የጻፈችው ስለ ሰብለ አልነበረም፤ ስለ በዛብህ እናት ስለ ውድነሽ በጣሙ ነበር። ልጇን ለትምህርት ሸኝታ የተመለሰች እናት ያን ዕለት ማታ ምን አደረገች? በተማሪያችን ድርሰት ውድነሽ እንደ ልማዷ ለሦስት ሰው እራት ታቀርብና የሦስተኛውን ድርሻ መልሳ መሶብ ውስጥ ትከታለች። የልጅቷ ታላቅ ወንድም ወደ ሱዳን ከተሰደደ ሁለት ዓመቱ ነበርና ይህን ከየት እንዳመጣችው ለመረዳት አላስቸገረንም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለወንድሜ» ብላ ጽፋለች።

ጽሑፉን ወደድነው። ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ እንዲነበብ ብለን ደብተሩን ወስደን ከተማው ውስጥ ካለ አንድ ጽሕፈት ቤት አስተየብነው። ሦስት ኮፒ አሳትመን ሄድን። ፋይሉ እዚያው ኮምፒዩተር ላይ መቅረቱን ልብ አላልንም፤ ባለቤቷንም «ይታተም ወይ?» ብለን አልጠየቅናትም። ጥፋቱ የጀመረው ከእኛ ነው።

ከወራት በኋላ ዘመድ ልንጠይቅ ሞጣ ወርደን ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት መደርደሪያ ላይ ደብተሩን አገኘነው። ተጠርዞ፣ በ30 ብር። ሽፋኑ «ፍቅር እስከ መቃብር ክፍል ሁለት፣ በሐዲስ ዓለማየሁ» ይላል። የልጅቷ ስም የለም። «ለወንድሜ» የሚለው ገጽም የለም።

ባለ ፎቶ ኮፒውን ጠየቅነው። «በፍላሽ ነው የመጣልኝ» አለን። ጽሑፉ የተማሪያችን መሆኑን ስንነግረው ግን አፋችንን የሚያስይዝ መልስ ሰጠን። «ቲቸር፣ እሷስ ከሐዲስ አይደል የወሰደችው?»

ባለቤቱ ማን ነው?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ለመሆኑ ልጅቷ ሌባ ናት?

በልጅነታችን መድረሳ የቀራን ሰዎች ለዚህ አንድ ምሳሌ አናጣም። ግብፃዊው አል ቡሲሪ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቡርዳ የተባለውን የውዳሴ ግጥም ደረሱ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ባለ ቅኔዎች በእያንዳንዱ ሁለት ስንኝ ላይ የራሳቸውን ሦስት ስንኝ እየጨመሩ አምስት አደረጉት፤ ተኽሚስ ይባላል። ይህን ስርቆት ያለው የለም። ለምን? የዋናው ባለቤት ስም ስላልጠፋ ነው። በብዙ የእጅ ጽሑፎች ላይ የቡሲሪ ስንኝ በቀይ ቀለም ወይም በጉልህ ይለያል። የጨማሪውም ስም ይታወቃል። አንባቢ የማን እጅ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ያያል።

የሞጣው ጥራዝ ይህን ድንበር በሁለት በኩል አፈረሰው። ሐዲስ ያልጻፉትን ጻፉ አለ፤ ልጅቷ የጻፈችውን አልጻፈችም አለ።

የአገራችንም ሕግ ስለዚህ ይናገራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ድርሰትን የማባዛት፣ የመተርጎምና ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብትን ለደራሲው ይሰጣል። የገንዘብ ጥቅሙ መብት ደራሲው ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ሐዲስ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ መጽሐፋቸው ዛሬም ባለቤት አለው። የልጅቷ ደብተር በክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጨዋታና ልምምድ ነው። ዋጋ የተለጠፈበት ዕለት ግን የደራሲውን ወራሾች ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለ ልጅቷ ፈቃድም አንድ ቅጂ ሊሸጥ አይገባውም ነበር።

ኩባንያ ሲገባበት

ይህ የፎቶ ኮፒ ቤት ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካው አማዞን እ.ኤ.አ. በ2013 ኪንድል ወርልድስ የሚባል ገበያ ከፈተ። ከአንዳንድ ድርሰቶች ባለመብቶች ጋር ተዋውሎ፣ አንባቢ በእነርሱ ገጸ ባሕርያት ጽፎ እንዲሸጥ ፈቀደ። ከ10,000 ቃላት ለሚበልጥ ጽሑፍ ከተጣራው ገቢ 35 በመቶ ለጸሐፊው ይከፍል ነበር። ፈቃድ አለ፣ ክፍያም አለ፤ ደግ ነው። በውሉ መሠረት ግን የጽሑፉ መብት ወደ ኩባንያው ያልፋል። ጸሐፊው አዲስ ሰው ቢፈጥር ዋናው ባለመብት ያንን ሰው ሳይከፍል ሊጠቀምበት ይችላል። ገበያው በ2018 ተዘጋ።

ወጣቶች ድርሰታቸውን በነጻ የሚያወጡበት የካናዳው ዋትፓድም አለ። በ2021 ኔቨር የተባለ የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ያን ያህል ዋጋ ያወጣው የጸሐፊዎቹና የአንባብያኑ ብዛት ነው፤ አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ግን ለጻፉት ሰባራ ሳንቲም ያልተቀበሉ ናቸው። በነጻ የተሰጠ ነገር ነጋዴ ከደረሰበት ሰጪው የመጨረሻው ተረሺ ይሆናል ማለት ነው።

አደራው

ጥራዙን ይዘን ተመልሰን ለልጅቷ አሳየናት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው። «ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት የሰጧቸው?» አለችን። «አዎ፣ እኛ ነን» አልን። ስለ ብሩ አንድም ነገር አላነሳችም። «‹ለወንድሜ› የሚለውን ለምን አወጡት?» ብቻ ነው ያለችው። መልስ አልነበረንም። ይቅርታ ጠየቅናት።

ከዚያም ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደን ፋይሉን ዓይናችን እያየ አስጠፋን። ሞጣ ተመልሰን ያልተሸጡትን አሥራ አንድ ጥራዞች ተረከብን። የተሸጡትን ግን ማን ይሰበስባል?

እንግዲህ ወላጆችና መምህራን፣ ልጆቻችሁ የወደዱትን መጽሐፍ ሲቀጥሉ ብታገኟቸው አትቆጧቸው። ብዙ ጸሐፊ እጁን የፈታው የሌላውን እየተከተለ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን ሁለት ስም እንዲጽፉ አስተምሯቸው፤ ታሪኩን ያመነጨውን ሰውና የራሳቸውን። ደብተር ስትዋሱ አደራ እንደተቀበላችሁ ቁጠሩት። ለማስተየብም ሆነ በስልክ ለመላክ ባለቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። «እናሳትምልሽ፣ እንሽጥልሽ» የሚል ሰው ሲመጣም ውሉን አብራችሁ አንብቡ፤ የዋናውን ደራሲ ፈቃድ መያዙን፣ መብቱስ ለማን እንደሚያልፍ ጠይቁ።

አሥራ አንዱን ጥራዝ ለልጅቷ አስረከብናት። ሽፋናቸውን ቀድዳ ጥላ በወፍራም ወረቀት ሌላ ሽፋን አበጀችላቸው። በላዩም «ከሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ተነሥቶ የተጻፈ» ብላ ከሥሩ ስሟን አሰፈረች። አሥሩን ለክፍል ጓደኞቿ በነጻ አደለች። አሥራ አንደኛውን እናቷ ቤት አስቀምጣዋለች፤ ወንድሟ ሲመጣ የሚያነበው ነው። በመጀመሪያው ገጹ ላይ «ለወንድሜ» ብላ በእጇ መልሳ ጽፋበታለች።