ምሥጢራዊ ጽሕፈትና የተማሪዎች ዲጂታል ሥዕል፤ በሁለት ቅጠል የሚከፈል ሥዕል አሠራር

መግቢያ

የሥዕል፣ የሒሳብና የኮምፒዩተር ትምህርቶች በየክፍለ ጊዜያቸው ተለያይተው ሲሰጡ፣ አንዱ ለሌላው የሚሰጠው ድጋፍ ለተማሪው በግልጽ አይታየውም። ሦስቱን በአንድ ሥራ ለማገናኘት ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ በምሥጢራዊ ጽሕፈት ማለትም በክሪፕቶግራፊ ላይ የተመሠረተ የዲጂታል ሥዕል ፕሮጀክት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአነስተኛ ወጪ ሊሠራ የሚችል አንድ ፕሮጀክት ማስረዳት ነው። ከዚህም ጋር እንዲህ ያለው ሥራ በቀላሉ የሚያስከትለውን የተሳሳተ ግንዛቤ፣ ይኸውም የተዘበራረቀ ሥዕል ሁሉ የተሰወረ ሥዕል ነው የሚለውን፣ ከወዲሁ ማረም ነው።

የመልክ መለወጥና የእውነተኛ ስውርነት ልዩነት

ዲጂታል ሥዕል በቁጥር የተገለጸ ሥዕል ነው። ገጹ በትናንሽ ካሬዎች ተከፋፍሎ የእያንዳንዱ ካሬ ቀለም በቁጥር ይመዘገባል። ተማሪዎች ሥዕልን ደብቁ ሲባሉ ብዙውን ጊዜ የሚቀናቸው አንዱን ቀለም በሌላ መተካት ነው። ጥቁሩ ቀይ፣ ነጩ ሰማያዊ ይሆናል። ሆኖም የጀበናው ቅርጽ ጀበና እንደሆነ ይቀራል፤ የተለወጠው መልኩ እንጂ ንድፉ አይደለምና።

በጽሑፍም ረገድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እያንዳንዱን ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ሌላ ፊደል የሚተካ ዘዴ የፊደላቱን የድግግሞሽ መጠን አይሰውርም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው ሊቅ አል ኪንዲ ምሥጢራዊ ጽሑፎችን የፊደላትን ድግግሞሽ በመቁጠር እንዴት መፍታት እንደሚቻል ጽፏል። ስለሆነም መምህሩ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለዚህ ሙከራ ቢያውለው፣ ተማሪዎች የዘዴውን ድክመት በቃል ከመስማት ይልቅ በዓይናቸው ያዩታል።

የዘዴው መሠረት

ሞኒ ናኦርና አዲ ሻሚር የተባሉ የሒሳብና የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1994 አንድን ሥዕል በሁለት ብርሃን አሳላፊ ቅጠሎች ላይ ከፍሎ የመሰወርን ዘዴ አቀረቡ። እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው ሲታይ ትርጉም የሌለው የነጥብ ክምችት ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ግን ሥዕሉ ያለ ምንም ስሌት ለዓይን ይገለጣል።

አንዳንድ መምህራን ይህን ከሰምና ወርቅ ጋር ማነጻጸር ይወዱ ይሆናል። ንጽጽሩ ትምህርቱን ለመክፈት ቢረዳም ልዩነቱ ሊዘነጋ አይገባም። በቅኔ ወርቁ በሰሙ ውስጥ ስለሚገኝ ቋንቋውን የጠለቀ ሰው ያወጣዋል። በዚህ ዘዴ ግን በአንዱ ቅጠል ላይ ወርቁ ፈጽሞ የለም፤ የቱንም ያህል ብልህ ሰው ቢመረምረው የሚያገኘው ነገር አይኖርም።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ተማሪዎች በወርድ 16፣ በቁመት 16 ካሬ ባለው ገጽ ላይ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ያዘጋጃሉ። የካሬዎቹ ብዛት 256 ነው። አንድ የፊደል ቅርጽ ወይም ጀበና ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ ሲገለጥ ድምቀቱ ስለሚቀንስ የመስመሮቹ ውፍረት ከ2 ካሬ ባያንስ ይመረጣል።

2. እያንዳንዱ ካሬ በ4 ንዑሳን ካሬዎች ይከፈላል። ከ4ቱ 2ቱ ጥቁር፣ 2ቱ ነጭ የሚሆኑባቸው አቀማመጦች 6 ብቻ ናቸው። እነዚህም 1፦ ላይኞቹ፤ 2፦ ታችኞቹ፤ 3፦ ግራዎቹ፤ 4፦ ቀኞቹ፤ 5 እና 6፦ ሁለቱ ሰያፎች ጥቁር የሆኑባቸው ናቸው። 1 ከ2፣ 3 ከ4፣ 5 ከ6 ተቃራኒ ጥንዶች ናቸው።

3. አቀማመጦቹ 6 በመሆናቸው አንድ ዳይስ ለምርጫው ይበቃል። ለእያንዳንዱ ካሬ ዳይስ ተጥሎ የወጣው አቀማመጥ በመጀመሪያው ቅጠል ላይ ይሣላል። ይህ የቁልፍ ቅጠል ነው። 64 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ለእያንዳንዱ 4 ካሬ ይደርሰዋል።

4. በሁለተኛው ቅጠል ላይ የሥዕሉ ካሬ ነጭ ከሆነ ያው አቀማመጥ ይደገማል፤ ጥቁር ከሆነ ተቃራኒ ጥንዱ ይሣላል።

5. ቅጠሎቹ ሲደራረቡ የነጩ ካሬ ግማሽ ብቻ ጥቁር ስለሚሆን ግራጫ መስሎ ይታያል። ጥቁሩ ግን 4ቱም ንዑሳን ካሬዎች ይሸፈናሉ። ንዑስ ካሬው 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ገጹ በየጎኑ 160 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን በኤ4 ወረቀት ላይ ይበቃል። ለማስተካከያ በ4ቱም ማዕዘን ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ነጥቦች

አንደኛው የዕጣው እውነተኛነት ነው። ተማሪዎች ዳይሱን ትተው ቁጥሮቹን ከራሳቸው ቢጽፉ ተከታታይ ድግግሞሽን ይሸሻሉ። በእውነተኛ ዕጣ ግን አንድ ቁጥር ወዲያው የመደገም ዕድሉ ከ6 አንድ ነው። በ256 ውርወራ እያንዳንዱ ቁጥር በአማካይ 43 ጊዜ ያህል ይጠበቃል። የክፍሉን ውጤት ቆጥሮ ከዚህ ጋር ማመሳከር ጥሩ የፕሮባቢሊቲ ልምምድ ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ቁልፉን ደግሞ መጠቀም ነው። ጊዜ ለመቆጠብ በአንድ የቁልፍ ቅጠል ሁለት ሥዕሎች ቢሰወሩ፣ የሁለቱ ሥዕሎች ሁለተኛ ቅጠሎች ያለ ቁልፉ ሲደራረቡ ሥዕሎቹ የሚለያዩበት ቦታ ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል። ምሥጢሩ ያለ ቁልፍ ተገለጠ ማለት ነው። መምህሩ ይህን ሆን ብሎ በክፍል ውስጥ ማሳየት ይገባዋል። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጥናት ፍጹም ስውርነት የሚገኘው ቁልፉ በዕጣ የተመረጠና የቁልፉ መጠን ከመልእክቱ ያላነሰ ሲሆን መሆኑን አረጋግጧል። ተማሪው የዚህን ሕግ ምክንያት በሁለት ቅጠሎች ያየዋል።

መሣሪያና ግምገማ

ኮምፒዩተር ባለበት ትምህርት ቤት ሥራው በተለመደው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ይከናወናል፤ ዕጣውም በፕሮግራሙ ይወጣል። እንዲህ ያለው ዕጣ ለልምምድ ቢበቃም ለእውነተኛ ምሥጢር ጥበቃ እንደማይበቃ ለተማሪዎች መንገር ተገቢ ነው። ኮምፒዩተር በሌለበት ካሬ መስመር ያለው ወረቀት፣ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክና ጥቁር ቀለም ይበቃሉ። የትምህርቱ ፍሬ በቁጥሩ አሠራር ላይ እንጂ በመሣሪያው ላይ ስላልሆነ፣ የመሣሪያ እጥረት ፕሮጀክቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ግምገማውም በቅጠሉ ማማር ብቻ መወሰን የለበትም። ተማሪው አንዱ ቅጠል ብቻውን ለምን ምንም እንደማይናገር፣ ቁልፉም ለምን እንደማይደገም በራሱ ቃል ማስረዳት መቻሉ ዋናው መመዘኛ ሊሆን ይገባል።

ማጠቃለያ

የዛሬው ተማሪ ገንዘቡንና የግል መልእክቱን በስልክ የሚያስተላልፍ ዜጋ ነው ወይም በቅርቡ ይሆናል። ምሥጢሩ የሚጠበቀው ለዓይን በተወሳሰበ መልክ ሳይሆን በቁልፍ አያያዝ መሆኑን በእጁ ሠርቶ ካየ፣ ያገኘው ግንዛቤ ከሥዕል ክፍለ ጊዜ አልፎ ይሄዳል። ስለሆነም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ይህን የመሰለ ሥራ በሦስቱ ትምህርቶች የጋራ ልምምድነት ቢያስቡበት፣ መምህራንም በየክፍላቸው ሞክረው ቢያሻሽሉት ጠቃሚ ይሆናል።