ከጥጥ ገበሬዎች አገር የተነሣ ቡድን

ክሪኬት የሚባል ጨዋታ አለ። በእኛ አገር እምብዛም አይታወቅም። በሕንድ ግን ሕፃን ሽማግሌው፣ ከተሜው ገጠሬው ያውቀዋል። ሜዳ ያጣ ልጅ በየመንገዱ ዳር ይጫወተዋል። ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ የሕንድ ክፍለ ሀገር የክሪኬት ቡድን ነው። አገሩ ቪዳርባ ይባላል። ቡድኑ ከ60 ዓመት በላይ ሲሸነፍ ኖሮ በኋላ የአገሩን ትልቅ ዋንጫ ሦስት ጊዜ አነሣ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ክሪኬት እንዴት ያለ ጨዋታ ነው? አስቀድመን ይህን እንወቅ። አለዚያ የኋላው ታሪክ አይገባንም።

ሁለት ቡድኖች ይጋጠማሉ። በእያንዳንዱ ቡድን 11 ሰው አለ። በሜዳው መካከል በሁለት ቦታ ሦስት ሦስት ችካል ይተከላል። ከአንደኛው ቡድን አንድ ሰው ሮጦ መጥቶ በቆዳ የተሸፈነች ጠንካራ ኳስ ወደ ችካሉ ይወረውራል። ይህ ወርዋሪው ነው። ከሌላው ቡድን ደግሞ አንድ ሰው ጠፍጣፋ የእንጨት መምቻ ይዞ ችካሉን ይጠብቃል። ይህ መቺው ነው። መቺው ኳሷን ርቃ እንድትሄድ ከመታት፣ በወዲያኛው ችካል ከቆመው ጓደኛው ጋር እየሮጡ ቦታ ይለዋወጣሉ። አንድ ጊዜ ሲለዋወጡ 1 ነጥብ ያገኛሉ። ኳሷ በመሬት ሄዳ የሜዳውን ድንበር ካለፈች 4 ነጥብ ነው። መሬት ሳትነካ ካለፈች 6 ነጥብ ነው። የተወረወረችው ኳስ ችካሉን ካገኘችው ግን መቺው ከጨዋታ ይወጣል። የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበችም ይወጣል።

አሥር ሰው ሲወጣ የቡድኑ ተራ ያልቃል። አሥራ አንደኛው ሰው ብቻውን ቀርቷል፤ ቦታ የሚለዋወጠው ጓደኛ የለውምና። ከዚያ በኋላ ወርዋሪ የነበረው ቡድን በተራው መቺ ይሆናል። በትልቁ ውድድር እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ የመምታት ተራ አለው። ታዲያ አንድ ግጥሚያ 4 ቀን ይፈጃል። የፍጻሜው ግጥሚያ እንዲያውም 5 ቀን ነው። ምሳ ይበሉበታል፣ ሻይ ይጠጡበታል፣ ሲመሽ ሄደው ያድራሉ፣ በማግሥቱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

አንድ ሕግ ደግሞ ልብ በሉ። ቀኑ አልቆ ግጥሚያው ሳይጨረስ ቢቀርስ? በፍጻሜና ወደ ፍጻሜ በሚያደርሱት ግጥሚያዎች በመጀመሪያው ተራ ብዙ ነጥብ ያገኘው ቡድን አለፈ ይባላል። በአንድ ነጥብ ቢበልጥም በልጧል። ይህ ሕግ በኋላ ይመጣል።

ትልቁ ውድድር የራንጂ ዋንጫ ይባላል። የተጀመረው በ1934 ነው። ስሙ የተወሰደው ራንጂትሲንጂ ከሚባል ሰው ነው። ይህ ሰው ናዋናጋር የምትባል ትንሽ አገር ገዢ ነበር። ሕንድ በእንግሊዝ እጅ ስለነበረች የራሷ ብሔራዊ ቡድን ያልነበራት ጊዜ ነውና፣ እሱ የተጫወተው ለእንግሊዝ ነበር። በ1933 ሞተ። በማግሥቱ ዓመት ውድድሩ በስሙ ተሰየመ።

በዚያን ዘመን ክሪኬት ያለ ባላባት ገንዘብ የሚሆን ነገር አልነበረም። መሳፍንቱ በየግዛታቸው ቡድን ያቋቁማሉ፤ ጎበዝ ተጫዋች ካለበት ያስመጣሉ፤ ደመወዝና ቤት ይሰጣሉ። ናግፑር የቪዳርባ ዋና ከተማ ናት። በ1895 በናግፑር አንድ ልጅ ተወለደ፤ ሲ. ኬ. ናዩዱ ይባላል። ይህ ሰው በ1932 የመጀመሪያው የሕንድ ብሔራዊ ቡድን አለቃ ሆነ። ነገር ግን የናግፑር ልጅ ቢሆንም ኢንዶር የምትባለው ከተማ ገዢ ወስዶት ነበር። ዋንጫ ያነሣውም ሆልካር ለተባለው ለኢንዶሩ ቡድን ነው። ቪዳርባ ምርጥ ልጇን ያጣችው ገና በጠዋቱ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ አገሩ እንምጣ። ቪዳርባ በሕንድ መካከል ትገኛለች። 11 አውራጃዎች አሏት። በ2011 በተደረገው ቆጠራ 23 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት። በ1960 ማሃራሽትራ የሚባለው ክልል ሲመሠረት የዚያ ምሥራቃዊ ክፍል ሆነች። የክልሉ ዋና ከተማ ቦምቤይ ናት፤ በኋላ ሙምባይ ተብላለች። ከናግፑር እስከ ሙምባይ በባቡር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የቪዳርባ ሰዎች «መንግሥት ሩቅ ነው፣ ገንዘቡም ልማቱም ወደ ምዕራብ ይሄዳል» እያሉ ሲያማርሩ ኖረዋል። የራሳችን ክልል ይሰጠን ብለውም ብዙ ጊዜ ጠይቀዋል።

መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው። የሚበቅለው ጥጥ ነው። የናግፑር ብርቱካንም ስመ ጥር ነው። የጥጡ ማሳ አብዛኛው ዝናብ ጠባቂ ነው፤ መስኖ የለውም። ገበሬው ዘሩንና የተባይ መድኃኒቱን በዱቤ ይገዛል። ባንክ ካላበደረው ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል። ዝናቡ ከቀረ ዕዳው ይቀራል። ዝናቡ ቢመጣም የጥጥ ዋጋ ከወደቀ ዕዳው ያው ነው። በዚህ የተነሣ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ብዙ ገበሬዎች በዕዳ ተጨንቀው የገዛ ሕይወታቸውን እስከ ማጥፋት ደረሱ። ነገሩ አገሩን ሁሉ አሳዘነ። በሐምሌ 2006 የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ ራሳቸው ወደ ቪዳርባ ሄደው የገበሬዎችን ቤተሰቦች አነጋገሩ፤ የእርዳታ ገንዘብም መደቡ። የቪዳርባ ስም በጋዜጣ ሲነሣ ሰው የሚያስበው ይህንን ነበር። ክሪኬትማ ማን አስቦት!

የቪዳርባ ቡድን በራንጂ ዋንጫ መጫወት የጀመረው በ1957 ነው። በዚያው ዘመን ቦምቤይ ከ1958-59 እስከ 1972-73 ድረስ 15 ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን ወሰደች። በአንድ ክልል ውስጥ ያሉ ሁለት ቡድኖች፤ አንዱ ሁልጊዜ አሸናፊ፣ አንዱ ሁልጊዜ ተሸናፊ። በ2000ዎቹ ቡድኖች በሁለት ደረጃ ሲከፈሉ ቪዳርባ ለብዙ ጊዜ ከደካሞቹ ጋር ተመደበች። ጠንካራ ቡድኖች ከእሷ ጋር ሲጋጠሙ ነጥቡን በኪሳቸው እንዳለ ይቆጥሩት ነበር።

ታዲያ ምን ተለወጠ? አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በ2008 ከናግፑር ወጣ ብሎ ጃምታ በሚባል ቦታ አዲስ ትልቅ ሜዳ ተሠራ። ልጆች እየኖሩ የሚማሩበት ማሠልጠኛም ተከፈተ። ሜዳ ብቻውን ግን ሰው አይሠራም። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁን በር የከፈተው አንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነው።

ስሙ ኡሜሽ ያዳቭ ነው። አባቱ በናግፑር አቅራቢያ በከሰል ማዕድን ይሠሩ ነበር። ልጁ ወታደር ልሁን ብሎ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ፖሊስ ልሁን አለ፤ እሱም አልተሳካም። ጉልበት ነበረው፤ ኳስ በኃይል ይወረውር ነበር። እስከ ጉርምስናው ድረስ በቆዳ የተሸፈነችውን እውነተኛ የክሪኬት ኳስ አልያዛትም፤ የሚጫወተው በቀላል ኳስ ነበር። በ2008 ለቪዳርባ መጫወት ጀመረ። በኅዳር 2011 ለሕንድ ብሔራዊ ቡድን በ5 ቀኑ ግጥሚያ ተሰለፈ። ከቪዳርባ ቡድን ለዚህ የበቃ ከእሱ በፊት ማንም አልነበረም። በእንዲህ ያሉ ግጥሚያዎች በጠቅላላው 170 መቺዎችን አስወጥቷል። የናግፑር ልጆች ከእንግዲህ ሙምባይ ሳይሄዱም እንደሚቻል በዓይናቸው አዩ።

በ2014-15 እና በ2015-16 ቡድኑ ከመጨረሻዎቹ ስምንት ገባ። ዋሲም ጃፈር የሚባለው ታላቅ መቺም ከሙምባይ ወደ ቪዳርባ መጣ። በራንጂ ዋንጫ ታሪክ እንደ እሱ ብዙ ነጥብ ያስመዘገበ አልነበረም። ድሮ ናዩዱ ከናግፑር ወደ ሀብታሞቹ ሄደ፤ አሁን ከሀብታሞቹ ወደ ናግፑር የሚመጣ ተገኘ። በ2017 ቻንድራካንት ፓንዲት አሠልጣኝ ሆኑ። እኚህ ሰው በቁጡነታቸው የታወቁ ናቸው። የቡድኑ አለቃ የናግፑሩ ፋይዝ ፋዛል ነበር።

በዚያው ዓመት ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። ግጥሚያው በካልካታ ከተማ ከካርናታካ ጋር ነበር። ካርናታካ ከጠንካሮቹ አንዷ ናት። ቪዳርባ በመጀመሪያው ተራ 185 ብቻ አገኘች። ካርናታካ 301 አስመዘገበች። ብዙ ሰው በቃ አለቀ አለ። በሁለተኛው ተራ ቪዳርባ 313 አገኘች። ካርናታካ ለማሸነፍ 198 ያስፈልጋት ነበር። ራጅኒሽ ጉርባኒ የሚባል የምህንድስና ትምህርት ያጠና ወጣት 7 መቺዎችን አስወጣ። ካርናታካ 192 ላይ አለቀች። እስቲ ደምሩት። የቪዳርባ 498 ሆነ፤ የካርናታካ 493። አምስት ነጥብ! ከቀናት ጨዋታ በኋላ ልዩነቱ አምስት ነጥብ ብቻ ነበር።

ፍጻሜው በታኅሣሥ መጨረሻ 2017 ከዴልሂ ጋር ሆነ። ቦታው ኢንዶር ነበር፤ ሜዳውም ሆልካር ይባላል። ያች ናዩዱን የወሰደችው ኢንዶር ናት። ኡሜሽ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለሄደ አልነበረም። እንደገና ጉርባኒ ተነሣ። በተከታታይ በወረወራቸው ሦስት ኳሶች ሦስት ሰው አስወጣ። አንደኛው ብቻውን 145 ነጥብ ያስመዘገበ መቺ ነበር። ዴልሂ 295 ላይ ቆመች። ቪዳርባ 547 አገኘች፤ ከዚህ ውስጥ 133ቱ የአክሻይ ዋድካር ነው። ዴልሂ እንደገና መትታ 280 አገኘች። ለቪዳርባ የቀራት 29 ነጥብ ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ ወጥቶባት ጨረሰችው። ጥር 1 ቀን 2018 ዋንጫው ወደ ናግፑር ሄደ። ከ1957 ጀምሮ ፍጻሜ ደርሳ የማታውቅ ቡድን መጀመሪያ በደረሰችበት ወሰደችው።

ዕድል ነው ያሉ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በግማሽ ፍጻሜ ከኬራላ ጋር ተጋጠሙ። ኡሜሽ ያዳቭ 12 ሰው አስወጥቶ ግጥሚያውን በሁለት ቀን ጨረሰው። በየካቲት 2019 ጃምታ ላይ ሳውራሽትራን በ78 ነጥብ አሸነፉ። አዲትያ ሳርዋቴ የሚባል የናግፑር ወርዋሪ 11 ሰው አስወጣ። ከዚያ በኋላ ከመላው ሕንድ ከተመረጡ ተጫዋቾች ጋር ተጋጥመው ዋንጫውን ወሰዱ። የሽልማቱንም ገንዘብ በዚያው ወር በፑልዋማ በፍንዳታ ለሞቱት የጸጥታ ሠራተኞች ቤተሰቦች ሰጡት።

ዋንጫ የጥጥ ዕዳ እንደማይከፍል ግልጽ ነው። ያቫትማል በሚባለው አውራጃ ያለ ገበሬ ከዚህ ሁሉ ያገኘው ገንዘብ የለም። ግን የአገሩ ስም በጋዜጣ ሲነሣ አንድ ጊዜ እንኳ ከሐዘን ውጭ በሆነ ነገር ተነሣለት። ይህን እንደ ከንቱ ነገር የሚቆጥረው ያልደረሰበት ነው።

በመጋቢት 2024 ቪዳርባ እንደገና ፍጻሜ ደረሰች፤ ባላጋራዋ ሙምባይ ነበረች። ለማሸነፍ 538 አስፈለጋት፤ 368 አገኘች። ሙምባይም 42ኛ ዋንጫዋን ወሰደች።

በ2024-25 ዋድካር አለቃ ሆኖ ያለ አንድ ሽንፈት ፍጻሜ ደረሱ። ሃርሽ ዱቤይ የሚባል ወጣት በዚያ ዓመት 69 ሰው አስወጣ። በአንድ ዓመት ይህን ያህል በራንጂ ዋንጫ ማንም አስወጥቶ አያውቅም። ባላጋራቸው ኬራላ ነበረች፤ ፍጻሜ ስትደርስ የመጀመሪያዋ ነው። አደራረሷ ግን ይደንቃል። ያንን የመጀመሪያ ተራ ሕግ አስታውሱ። በሩብ ፍጻሜው በ1 ነጥብ በልጣ አለፈች። በግማሽ ፍጻሜው የመቺው ኳስ ቅርብ በቆመ የኬራላ ተጫዋች የራስ ቁር ላይ ነጥራ ተቀለበች፤ በ2 ነጥብ ብልጫ አለፈች። ያችን ኳስ የወረወረው ማን መሰላችሁ? ያው በ2019 ለቪዳርባ ዋንጫ ያስገኘው ሳርዋቴ ነው። ወደ ኬራላ ተዛውሮ ነበር።

ፍጻሜው በጃምታ ሆነ። ሳርዋቴ በተወለደበት ከተማ በእንግዳ ልብስ ቆመ። የቪዳርባ ሦስት መቺዎች 24 ነጥብ ላይ ወጡ። ከዚያ ዳኒሽ ማሌዋር የሚባል የናግፑር ወጣትና ካሩን ናይር አብረው 215 ነጥብ አከሉ። ማሌዋር 153 አስመዘገበ፤ ቡድኑ 379 አገኘ። ኬራላም ተነሣች። ሳርዋቴ 79 መታ። አለቃቸው ሳቺን ቤቢ 98 ላይ ደርሶ ሳለ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ብዙ አልቆዩም። ኬራላ በ342 አለቀች። 37 ነጥብ ጎደላት።

ከዚያ በኋላ ቪዳርባ አልቸኮለችም። ቀኑ እስኪያልቅ ብቻ መምታት ነው። ናይር 135 አስመዘገበ። በ5ኛው ቀን፣ መጋቢት 2 ቀን 2025፣ ቪዳርባ 9 ሰው ወጥቶባት 375 ላይ ሳለች ሁለቱ ቡድኖች ተጨባበጡ። ሦስተኛው ዋንጫ ጃምታ ቀረ።