ፍርሃት ዳኛ ሲሆን

በእባብ የተነደፈ በልጥ ይበረግጋል ይባላል። የበረገገው ሰው ጐራዴ የያዘ እንደ ሆነ ግን ልጡን ብቻ ቈርጦ አይመለስም፤ ያገኘውን ሁሉ ይመታል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1831 ዓ. ም. በአሜሪካ የሆነው ነገር ይህን ያስረዳል።

በዚያ ዓመት በኦገስት 21 ቀን ሌሊት፥ በቨርጂኒያ ግዛት ሳውዝሃምፕተን በሚባለው አውራጃ፥ ናት ተርነር የተባለ ባሪያ ባልንጀሮቹን አስከትሎ በጌቶች ላይ ተነሣ። ይህ ሰው መጽሐፍ ማንበብ የሚያውቅ፥ ለወገኖቹም የሚሰብክ ነበረ። በሁለት ቀን ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ 55 ያህል ነጮች ተገደሉ። የሕፃናትን ደም መፍሰስ የሚያመሰግን የለም። ነገር ግን ሰውን እንደ ከብት እየሸጡና እየገዙ በሰላም መተኛት እንደማይቻል አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባ ነበር።

ዐመፁ ፈጥኖ ጠፋ፤ ድንጋጤው ግን አልጠፋም። መሣሪያ የያዘው ሕዝብ በዐመፁ ያልነበሩትን ብዙ ጥቁሮች ያለ ፍርድ ገደለ። ግድያው ከልክ ስላለፈ፥ ጦሩን ያዝ የነበረው ጄኔራል ኤፕስ ራሱ በትእዛዝ ከለከለ። በጎረቤቱ በሰሜን ካሮላይናም፥ ባሮች ዊልሚንግተንን አቃጥለው ወደ ዋናው ከተማ ወደ ራሌ ይገሠግሣሉ የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬው ሐሰት ነበረ፤ በወሬው ምክንያት የፈሰሰው ደም ግን እውነተኛ ነው። በዚያ ጊዜ በኢደንተን ከተማ ባሪያ የነበረችው ሐሪየት ጄኮብስ በ1861 ዓ. ም. ባሳተመችው መጽሐፍ እንደ መሰከረችው፥ ፈታሾቹ በድኾች ልብስ መካከል ባሩድና እርሳስ ራሳቸው እየበተኑ፥ ከዚያ በኋላ ሌሎች ፈታሾች መጥተው ማስረጃ ተገኘ እንዲሉ ያደርጉ ነበር። ባሮቹ በጫካ ውስጥ የሠሯት ትንሽ የጸሎት ቤትም ፈረሰች።

ናት ተርነር በኦክቶበር 30 ቀን ተይዞ፥ በኖቬምበር 11 ቀን ኢየሩሳሌም በምትባል በዚያው አውራጃ ከተማ ተሰቀለ። በጃንዋሪ 1832 ዓ. ም. የቨርጂኒያ ምክር ቤት ባርነትን ስለ ማስቀረት ተከራከረ፤ አሳቡ ግን በ73 ድምፅ በ58 ላይ ተሸነፈ። በሽታው ሲታወቅ መድኃኒቱ ተጣለ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ጥቁር ሰው ባሪያም ቢሆን ነጻ ቢሆን እንዳይሰብክ በሕግ ተከለከለ። የአላባማ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ጥቁርን ንባብ ያስተማረ ሰው ከ250 እስከ 500 ዶላር እንዲቀጣ ደነገገ። ስለዚህ የፈራው መንግሥት ግፉን ትቶ ፊደልንና ስብከትን ከሰሰ። ሆኖም ፊደል ዐመፅን አልወለደም፤ የወለደው ግፍ ነው። ግፉም ሳይነካ ስለ ቀረ፥ አገሪቱ ብዙ ሺሕ ሰው ካለቀበት የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በ1865 ዓ. ም. ባርነትን ሻረች።

እንግዲህ ሕዝብ በደነገጠ ጊዜ የሹም ተግባር ወሬን መመርመር፥ ንጹሑን ከበደለኛው መለየት ነው፤ የካህኑም ተግባር የተቈጣውን ማብረድ ነው። ሁለቱም የሁከቱን ሥር ሳይመረምሩ ቅርንጫፉን ብቻ ቢቈርጡ፥ ሥሩ መልሶ ያበቅላል።