ትርጓሜ ሕዝቅኤል (የኪዳነ ወልድ ክፍሌ)

ትርጓሜ ሕዝቅኤል የነቢዩ ሕዝቅኤልን መጽሐፍ ንባቡን በግዕዝ፣ ትርጓሜውን በአማርኛ አድርጎ የያዘ የአንድምታ መጽሐፍ ነው። አዘጋጁ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሲሆኑ፣ በ1916 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ በቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ታተመ። በኢትዮጵያ ቀድመው ከታተሙት የብሉይ ኪዳን ትርጓሜዎች አንዱ ነው። ዛሬ የመጀመሪያው እትም በቀላሉ አይገኝም።

አዘጋጁ

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ (1862–1936 ዓ.ም.) በሸዋ ተወልደው፣ ብዙ ዘመን በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያውያን ገዳም የኖሩ ሊቅ ናቸው። መምህራቸው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ክፍለ ጊዮርጊስ በሮም ተቀምጠው ጣሊያናዊውን የቋንቋ ሊቅ ኢኛሲዮ ጉዊዲን አማርኛ በማስተማር ይታወቃሉ። መምህርና ደቀ መዝሙር ከግዕዝ ሌላ ዕብራይስጥንና ሌሎች ሴማዊ ቋንቋዎችን ስለተማሩ፣ የግዕዙን ቃል ከእኅት ቋንቋዎች ጋር እያስተያዩ መመርመር ልማዳቸው ሆነ።

ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀምረው ሳይፈጽሙ ስላረፉ ሥራውን ለኪዳነ ወልድ አደራ ሰጡ። ኪዳነ ወልድም ዕድሜያቸውን በዚሁ ሥራ ፈጅተው እርሳቸውም መጽሐፉ ሳይታተም አረፉ። በመጨረሻ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አሰናድተው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በሚል ስም በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። በዚህ መዝገበ ቃላት ቃላቱ የተደረደሩት በሀ ለ ሐ መ ሳይሆን እንደ ዕብራይስጥ በአ በ ገ ደ ተራ ነው። ሕዝቅኤል ግን በአዘጋጁ ዕድሜ ለመታተም በቃ።

የአንድምታ ስልት

አንድምታ የሚባለው ትርጓሜ ስሙን ያገኘው «አንድም» ከሚለው ቃል ነው። መምህሩ በመጀመሪያ የግዕዙን ንባብ ያነባል፣ ቀጥሎ በአማርኛ ይተረጉመዋል። ቃሉ ሌላ ምሥጢር የሚይዝ ከሆነ «አንድም» እያለ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ትርጉም ይጨምራል። በመካከል ሐተታና ታሪክ ይገባል። ትርጓሜዎቹ እርስ በርሳቸው መስማማት አይገደዱም፤ ተማሪው ሁሉንም ይይዛል።

የትርጓሜ ትምህርት በአራት ጉባኤያት ይከፈላል፤ እነዚህም ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ናቸው። በጎንደር ዘመን መምህራኑ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብለው በሁለት ወገን ተለይተዋል። የታች ቤት ትርጓሜ መሥራች ሆነው የሚጠሩት መምህር ኤስድሮስ ናቸው። ኪዳነ ወልድ በሕዝቅኤል መቅድም ስለዚህ ትምህርት ታሪክና ስለ መምህራኑ ሐረግ የጻፉት፣ የአንድምታን ታሪክ ለሚያጠኑ ሁሉ ዋና ምንጭ ሆኗል።

ወደዚህ ጉባኤ የሚገባ ተማሪ አስቀድሞ ቅኔ መማር ይኖርበታል፤ ቅኔ የሌለው የግዕዙን አገባብ ሊፈታ አይችልም። ለዚህ ጎጃም የታወቀ አገር ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች የሚገኙት በዚያ ነው። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ገጠር አኩፋዳውን አንግቶ የሚወጣ የቆሎ ተማሪ ቅኔውን በአገሩ ከቀጸለ በኋላ፣ ትርጓሜ ፍለጋ ወደ ሌላ ደብር ይሻገራል። ትምህርቱ በቃል የሚያዝ በመሆኑ አንድን መጽሐፍ የሚያውቁ መምህራን ጥቂት ከሆኑ፣ የአንዱ ሞት ብዙ ያጎድላል።

ሕዝቅኤል ለምን ይከብዳል

ሕዝቅኤል ካህን ነበር፤ ወደ ባቢሎን ተማርኮ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ትንቢት ተናገረ። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 6ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ነው። መጽሐፉ 48 ምዕራፎች አሉት። በምዕራፍ 1 አራቱ እንስሳና የእግዚአብሔር ሠረገላ ይታያሉ፤ በምዕራፍ 37 የደረቁ አጥንቶች ሕይወት ያገኛሉ፤ ከምዕራፍ 40 እስከ 48 ደግሞ ነቢዩ ያየው ቤተ መቅደስ በዘንግና በክንድ እየተለካ በዝርዝር ይነገራል።

በአይሁድ ዘንድም መጽሐፉ በጥንቃቄ የሚያዝ ነበር። ቅዱስ ጀሮም እንደ ጻፈው፣ አይሁድ 30 ዓመት ያልሞላው ሰው የሕዝቅኤልን መጀመሪያና መጨረሻ እንዳያነብ ይከለክሉ ነበር። ታልሙድ ደግሞ አንዳንድ ሕጎቹ ከኦሪት ጋር የማይስማሙ ስለመሰሉ መጽሐፉ ሊሸሸግ እንደነበረ፣ ሐናንያ ወልደ ሕዝቅያስ የተባለ ሊቅ ግን 300 መስፈሪያ ዘይት ለመብራት አስመጥቶ በሰገነት ተቀምጦ እንዳስታረቀው ይተርካል። በፈረንሳይ የኖረው ታላቁ ተርጓሚ ራሺ (1040–1105 እ.ኤ.አ.) ለቤተ መቅደሱ አሠራር መምህርም ረዳትም እንዳላገኘ በትርጓሜው ውስጥ አስታውቋል።

ለኢትዮጵያ ሊቃውንት መጽሐፉ ሌላ ክብደትም አለው። አራቱ እንስሳ ኅዳር 8 ቀን ይከበራሉ፤ በወንጌላውያንም ይመሰላሉ። በምዕራፍ 44 ያለው የተዘጋው የምሥራቅ በር ደግሞ የእመቤታችን ድንግልና ምሳሌ ሆኖ ይተረጎማል። ስለዚህ ተርጓሚው የሕንፃውን ልክ ማስረዳትና ምሥጢሩን ማመሥጠር ሁለቱንም ይጠበቅበታል።

ከቃል ወደ ኅትመት

የግዕዝ ጽሑፍ በማተሚያ መታተም የጀመረው በውጭ አገር ነው፤ ዳዊት በ1513 እ.ኤ.አ. በሮም ታትሟል። በዕብራይስጥ ደግሞ የታተመበት ቀን ተጽፎባቸው ከሚታወቁት መጻሕፍት የመጀመሪያው ራሺ ኦሪትን የተረጎመበት መጽሐፍ ነው፤ በ1475 እ.ኤ.አ. በደቡብ ጣሊያን በሬጆ ካላብሪያ ታተመ፤ ዛሬ የሚታወቀው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን እርሱም በፓርማ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የኢትዮጵያ የቃል ትርጓሜ ግን በማተሚያ ቤት መግባት የጀመረው በ20ኛው ምእተ ዓመት ነው። ድሬ ዳዋ በባቡር መንገዱ ላይ የቆመች ከተማ ነበረች፤ ቅዱስ አልዓዛርም የካቶሊክ ሚስዮን ማተሚያ ቤት ነበር።

መታተሙ ሁለት ነገር ለውጧል። አንደኛ፣ በጉባኤ ቤት ብቻ ይሰማ የነበረውን ትርጓሜ ማንበብ የሚችል ሁሉ አገኘው። ሁለተኛ፣ በየመምህሩ ይለያይ የነበረው ቃል በአንድ መልክ ጸና። በኋላ ሮጀር ካውሊ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው ጥናቶች አንድምታን ከአንጾኪያ የትርጓሜ ስልትና ከአይሁድ ትርጓሜ ጋር ያስተያየው በእንደዚህ ያሉ የታተሙ መጻሕፍት ጭምር በመረዳት ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ መምህሩን አልተካም፤ በጉባኤ ቤት ዛሬም ተማሪው ንባቡን ይዞ ትርጓሜውን ከመምህሩ አፍ ይሰማል።