የአንድ ሌሊት ነጥብ

አንድ አባት ልጃቸው የደረሰችበትን ነጥብ ይዘው ቢሮዬ መጡ። ልጅቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተነሱ የቴሌስኮፕ ምስሎችን እያፈራረቀች ስታይ፣ ከከዋክብቱ መሃል አንዲቱ ነጥብ ስትንቀሳቀስ አይታለች። ልኬቷ ንጹህ ነው፤ ዓይኗም ጎበዝ። አባትየው የፈለጉት ግን «አስትሮይድ አገኘች» ከሚለው ወረቀት ስር ፊርማዬን ነበር። አልፈረምኩም። ቅር ብሏቸው ወጡ፤ እኔንም እስካሁን ይከነክነኛል።

ስንቴ ልናገረው? አንድ ሌሊት የሚሰጠን አቅጣጫ እንጂ ርቀት አይደለም። ቀርቦ የሚያዘግምና ርቆ የሚፈጥን ድንጋይ ሰማይ ላይ እኩል ስንዝር ሊሄዱ ይችላሉ። ምህዋር ስድስት ቁጥሮች አሉት። ከግማሽ ሰዓት ልኬት ስድስቱን አስልቶ ማውጣት አያቅትም፤ በሳምንቱ ቴሌስኮፑን ወዴት እንደምናዞር ግን አይነግሩንም። በሌላ ሌሊት ዳግም ያልታየ ነጥብ ጊዜያዊ መለያ እንኳ አያገኝም።

ጁሴፔ ፒያዚ ሴሬስ የተባለውን አስትሮይድ ፓሌርሞ ላይ ያየው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ነው። እስከ ፌብሩዋሪ ከተከታተለው በኋላ ወደ ፀሐይ ብርሃን ተጠግቶ ጠፋ። የ24 ዓመቱ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ምህዋሩን አሰላ፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፎን ዛክም በዓመቱ መጨረሻ በዚያው ስሌት መልሶ ያዘው። ተማሪዎቻችን ግን ከሦስቱ የሚያውቁት ፒያዚን ብቻ ነው!

ድንቅነሽ የተባለችውን አስትሮይድም እንውሰድ። በኒው ሜክሲኮ፣ ሶኮሮ፣ ሊኒየር የተባለው የሰማይ ቅኝት የመዘገባት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1999 ነው። ከፀሐይ ያላት አማካይ ርቀት የምድርን 2.19 እጥፍ ነው፤ አንድ ዙር በ3.24 ዓመት ትጨርሳለች። ከምድር በደንብ የምትታይበት ወቅት የሚመለሰው በየ17 ወሩ ገደማ በመሆኑ ምህዋሯን ማጥራት የዓመታት ሥራ ነው። 152830 የሚለው ቋሚ ቁጥሯ የዚያ ልፋት ደረሰኝ ነው። እኛ አገር ስለ ስሟ ብዙ ተወራ (እኔም ደስ ብሎኛል)፤ ስለ ቁጥሩ ግን የጠየቀኝ የለም።

ስፋቷ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሉሲ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2023 በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት አጠገቧ ማለፍ የቻለችው ምህዋሯ በደንብ ስለታወቀ ነው። ከምድር ማንም ያላያት ጨረቃዋ ሰላምም ያኔ ተገለጠች። መጀመሪያ የደረሱን ምስሎች አንዲት ጨረቃ ብቻ አሳዩ። ከቅርቡ ማለፊያ ስድስት ደቂቃ ያህል ዘግይቶ የተነሳው ደግሞ ሰላም ራሷ የተጣበቁ ሁለት ድንጋዮች መሆኗን አሳየ።